ከሥራ ወደ ቤት በሩጫ፦ የአካል እንቅስቃሴን በመጠኑ ስለማዘዝ

መግቢያ

በተመላላሽ ሕክምና ክፍሎች ዘወትር የሚደጋገም ምልልስ አለ። ሐኪሙ የደም ግፊት መለኪያውን ከታካሚው ክንድ ላይ ፈትቶ «የአካል እንቅስቃሴ ማድረግ ያስፈልግዎታል» ይላል። ታካሚው በአክብሮት ራሱን ይነቀንቅና «መቼ ዶክተር? ከሥራ ስወጣ ይመሻል» ብሎ ይመልሳል። ምክሩ በካርዱ ላይ ይሰፍራል፤ ከሦስት ወር በኋላ ታካሚው ሲመለስ ግን ክብደቱም ግፊቱም እንደነበሩ ናቸው። መቼና የት እንደሚሠራ ያልተነገረለት እንቅስቃሴ፣ መጠኑና አወሳሰዱ ሳይጻፍ ከተሰጠ መድኃኒት አይለይም።

ጉዳዩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ በተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን በሚመለከተው አገር አቀፍ የዳሰሳ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት ሰዎች መካከል ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታውቋል። በከተሞች የተቀማጭ ሥራ ሲበዛ፣ ሚኒባሱና ባጃጁ የእግር መንገዱን ሲተኩ፣ ይህ ሸክም እየከበደ መሄዱ አይቀርም። ምክሩን የሚሰጠው የጤና ባለሙያም ቢሆን ከዚህ ሸክም ነጻ አይደለም፤ ቀኑን በምርመራ ክፍል፣ ሌሊቱን በዱቲ ያሳልፋል፤ ለራሱ የሚተርፈው ጊዜ ከታካሚው አይበልጥም።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ለጊዜ እጦት ከሚሰጡት መልሶች አንዱን ነው፤ እርሱም በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ከሥራ ወደ ቤት በሩጫ መመለስ ነው። ልማዱ የሚሰጠው ጥቅም፣ በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ያለው ተስማሚነት፣ ለማን እንደሚታዘዝና ለማን እንደማይታዘዝ በቅደም ተከተል ይቀርባል።

ከሱሉልታ እስከ ሮም

በሩጫ መመላለስ ለኢትዮጵያ እንግዳ ልማድ አይደለም። ኋላ በሻምበልነት ማዕርግ የታወቀው አበበ ቢቂላ፣ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የክብር ዘበኛ ወታደር ሳለ፣ በሱሉልታ ኮረብታዎችና በአዲስ አበባ መካከል በየዕለቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይመላለስ እንደነበር በሕይወት ታሪኩ ተመዝግቧል። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አግኝቶ ወደ ማራቶን ሥልጠና ያስገባው ይህን የመሰለ መሠረት የጣለ ሰው ነው። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ኦሎምፒክ 42 ኪሎ ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያጠናቅቅ፣ ከድሉ በስተጀርባ የስታዲየም ልምምድ ብቻ ሳይሆን የዕለት ተዕለት መንገድም ነበረ።

አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በአሰላ አካባቢ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት፣ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ቤት ይሮጥ ነበር። ደብተሮቹን በብብቱ ይዞ ከመሮጥ የመጣው የግራ ክንዱ አያያዝ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ላይም አልተለየውም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ በታዋቂ የኢትዮጵያ ሯጮች ላይ የተደረገ ጥናት፣ የማራቶን ሯጮቹ በልጅነታቸው ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ይልቅ ረዘም ያለ ርቀት ወደ ትምህርት ቤት ይጓዙ እንደነበር፣ አብዛኞቹም ይህን ርቀት በሩጫ ይሸፍኑት እንደነበር አሳይቷል።

ከነዚህ ታሪኮች ለጤና ባለሙያው የሚጠቅመው ትምህርት ሁሉም ሰው ሻምፒዮን ይሆናል የሚለው አይደለም። ሰውነት ሜዳውንና መንገዱን ለይቶ አያውቅም፤ የግድ መሄድ ያለበት መንገድ በራሱ ልምምድ ሊሆን ይችላል።

ማስረጃው ምን ይላል?

የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ልብን እንደሚጠብቅ ካመለከቱት ቀደምት ጥናቶች አንዱ የመጓጓዣ ሠራተኞችን የተመለከተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄረሚ ሞሪስና ባልደረቦቹ በላንሴት መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች፣ ተቀምጠው ከሚውሉት ሾፌሮች ይልቅ በልብ ደም ቅዳ ቧንቧ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ሩጫን በተለይ የሚመለከተው ሰፊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ነው። በአሜሪካ 55,137 ጎልማሶች በአማካይ ለ15 ዓመት ተከታትለው ሲታዩ፣ ሯጮቹ ከማይሮጡት አንጻር በማናቸውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው በ30 በመቶ፣ በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ45 በመቶ ያነሰ ነበር። በቀን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ፣ ያውም በዝግታ የሚሮጡት እንኳ የዚህ ጥቅም ተካፋዮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከ263,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ የብሪታንያ ጥናትም በብስክሌት ወደ ሥራ የሚመላለሱት በማናቸውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው በ41 በመቶ ዝቅ ያለ መሆኑን፣ በእግር የሚመላለሱት ደግሞ ለልብና ደም ሥር በሽታ ያላቸው ተጋላጭነት ያነሰ መሆኑን ዘግቧል። እነዚህ ጥናቶች የክትትል ጥናቶች በመሆናቸው ጤነኛ ሰው የበለጠ ይንቀሳቀሳል የሚለውን ተቃራኒ ማብራሪያ ፈጽመው አያስወግዱም። ሆኖም የሰውነት አሠራር ከሚያስረዳው ጋር ይስማማሉ።

ከሩጫ በኋላ የደም ሥሮች ሰፍተው ስለሚቆዩ የደም ግፊት ለሰዓታት ዝቅ ይላል። ልምምዱ በተከታታይ ሲደረግ በደም ግፊት ሕሙማን ላይ የላይኛው ቁጥር ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይቀንሳል። በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ስኳርን ከደም የሚወስደው ያለ ኢንሱሊን እገዛም ጭምር ነው፤ ከእንቅስቃሴው በኋላም ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ለአንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይሻሻላል። በመሆኑም ለስኳር ሕመምተኛ በተከታታይ ከሁለት ቀን በላይ ያለ እንቅስቃሴ ማለፍ አይመከርም።

ወደ ቤት እንጂ ወደ ሥራ ያልሆነበት ምክንያት

በጠዋት ወደ ሥራ መሮጥና በማታ ወደ ቤት መሮጥ በርቀት እኩል ቢሆኑም በአፈጻጸም አንድ አይደሉም። ጠዋት የሮጠ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ መታጠቢያና ልብስ መቀየሪያ ያስፈልገዋል፤ ይህ በአብዛኛው ጤና ጣቢያና ቢሮ የለም። የመግቢያ ሰዓትም ያስጨንቀዋል፤ የተጨነቀ ጀማሪ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ይፈጥናል። ማታ የሚሮጥ ሰው የሚጠብቀው ፊርማ የለም፤ ላቡንም የሚታጠበው በቤቱ ነው። ቢደክመው መሄድ፣ ቢብስበት ባጃጅ መያዝ ይችላል። ለጤና ባለሙያው ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ጋውኑና የሥራ ጫማው በሥራ ቦታ ስለሚቀሩ ከሕክምና ክፍል ወደ ቤተሰቡ የሚያጓጉዘው ተሕዋስ ይቀንሳል።

ዋነኛው ጥቅም ግን የጊዜ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ማለትም በዝግታ ሩጫ፣ 38 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ታክሲ ተሰልፎ ለሚጠብቅ ሰው ከዚህ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለጎልማሶች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ያዛል። እንግዲህ አምስት ኪሎ ሜትሩን በሳምንት ሁለት ቀን የሮጠ ሰው የመመሪያውን ዝቅተኛ መጠን አሟላ ማለት ነው። የሚወጣው ጉልበትም ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት በአንድ ኪሎ ሜትር 1 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስለሆነ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ጉዞ 300 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል።

የከፍታው ጉዳይ

ጎንደር በአንገረብና በቀሐ ወንዞች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ወደ 590 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል፤ በባሕር ጠረፍ 760 ነው። ወደ ሳንባ የሚገባው አየር የኦክስጅን ግፊትም ከ150 ወደ 114 ገደማ ዝቅ ይላል። ከቆላ ለመጣ ሰው ከፍተኛው የኦክስጅን አጠቃቀም አቅም 10 በመቶ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ሲወጣ ቅነሳው ይጨምራል።

የአካባቢው ተወላጆች ግን በዚህ ረገድ የዓለምን ተመራማሪዎች ትኩረት የሳቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 በታተመ ሰፊ ጥናት በ1,500 ሜትር የሚገኘው የአዲ አርቃይና በ3,000 ሜትር የሚገኘው የደባርቅ ነዋሪዎች ተነጻጽረዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ሲንቲያ ቢል የምትመራው ቡድን በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ፣ የሄሞግሎቢን መጠናቸው በወንዶች 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር፣ የኦክስጅን ሙሌታቸውም በአማካይ 95.3 በመቶ መሆኑን ዘግቧል። እነዚህ አኃዞች በባሕር ጠረፍ ከሚጠበቁት ብዙም የማይርቁ ናቸው። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ የኦክስጅን ሙሌታቸው ዝቅ ይላል። የሰሜን ደጋ ሰው ግን ከሁለቱም የተለየ ሆኖ ተገኝቷል።

ለሕክምና ሥራ ከዚህ የሚወሰደው ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ በደጋ ተወልዶ ላደገ ሰው ከፍታው ላለመሮጥ ምክንያት አይሆንም። ሁለተኛ፣ ከመተማ ወይም ከሌላ ቆላ ወደ ደጋ በቅርቡ የተዛወረ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእግር መሄድ እንጂ መሮጥ አይኖርበትም። ከዚያም በኋላ ፍጥነቱን በሰዓት ቆጣሪ ሳይሆን በትንፋሹ ይመዝን። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻለ ፍጥነቱ ለጀማሪ ተገቢ ነው፤ ቃል በቃል እየቆረጠ የሚናገር ከሆነ ይቀንስ።

ለማን ይታዘዛል? ለማንስ ይቆያል?

ይህ ትእዛዝ ለሁሉም አይደለም። ቀኑን በእርሻ፣ በሸክም ወይም በግንባታ ሥራ የሚውል ሰው፣ ውኃ ቀድታ እንጨት ለቅማ የምትመለስ እናት ሩጫ አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው በቂ ምግብና ዕረፍት ነው። ሩጫው የሚታሰበው ተቀምጦ ለሚውል ሰው ነው።

ከመጀመሩ በፊት የሚደረገው ምርመራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ጥያቄዎቹ አምስት ናቸው፦ በሥራ ጊዜ ደረት ላይ የሚመጣ ሕመም ወይም ጭነት አለ? ራስን ስቶ መውደቅ ደርሶ ያውቃል? ከእኩዮች በተለየ ትንፋሽ ማጠር አለ? የልብ ምት ያለ ሥርዓት ይመታል? በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው አለ? ከአንዱ በስተቀር እንኳ «አዎ» የሚል መልስ ከተገኘ ሩጫው ምርመራው እስኪያልቅ ይቆያል።

በአገራችን ከሁሉ በላይ ሊዘነጋ የማይገባው ሪዩማቲክ የልብ በሽታ ነው። በሌሎች አገሮች ስለ ሯጭ የልብ አደጋ ሲጻፍ ትኩረቱ በአብዛኛው በጎልማሳው የልብ ቧንቧ መጥበብ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ከጉዳት ውጭ የምትመስል የሃያ አምስት ዓመት ፀሐፊ የሚትራል ቫልቭዋ ጠቦ ሊሆን ይችላል። ልብ በፍጥነት ሲመታ ደም በጠበበው ቫልቭ የሚያልፍበት ጊዜ ያጥራል፤ ግፊቱ ወደ ሳንባ ይመለስና በመንገድ ላይ ሳንባዋ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ «ሩጪ» ከማለት በፊት፣ በጀርባዋ ወይም በግራ ጎኗ አስተኝቶ ልቧን በስቴቶስኮፕ ማዳመጥ ግዴታ ነው። ይህ ሁለት ደቂቃ የማይወስድ ምርመራ ሕይወት ያተርፋል፤ በሽታው ያልታወቀባትን ታካሚም ወደ ሕክምና ያመጣል።

ከዚህ በተጨማሪ የሚከተሉት ልብ ይባሉ፦

1. የደም ግፊቱ 180/110 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ግፊቱ በመድኃኒት እስኪወርድ አይሮጥ፤ በዝግታ መሄድ ግን ይችላል።

2. ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ከመነሳቱ በፊት ስኳሩን ይለካ፤ ከ90 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ በቅድሚያ የሚበላ ነገር ይውሰድ። በኪሱ ከረሜላ ወይም ስኳር ይያዝ። እግሩ የሚደነዝዝ ከሆነ ወይም የዓይኑ መረብ የተጎዳ ከሆነ ሩጫው በእግር ጉዞ ይተካ።

3. የደም ማነስ ያለባት ሴት፣ በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና መጀመሪያ ላይ ያለ ሰው፣ ትኩሳት ያለበት ማንኛውም ሰው እስኪድን ይቆይ።

4. አስም ያለበት ሰው በአቧራና በቅዝቃዜ ጊዜ ይጠንቀቅ፤ የሚነፋውን መድኃኒት ይዞ ይውጣ።

5. ሌሊቱን በዱቲ ያደረ ባለሙያ በዚያ ቀን አይሩጥ። እንቅልፍ ያጣ ሰው በመኪና መንገድ ላይ ያለው ንቃት አስተማማኝ አይደለም።

መጠኑና አጀማመሩ

ሩጫው እንደ መድኃኒት መጠን ተወስኖለት፣ ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሰጥ። ቤቱ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ሰው በሚከተለው አኳኋን ሊጀምር ይችላል፦

ከ1ኛው እስከ 3ኛው ሳምንት፦ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በተለይ ማክሰኞና ዓርብ፣ ሙሉውን መንገድ ፈጠን ብሎ በእግር መሄድ።

ከ4ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት፦ 1 ደቂቃ ሮጦ 2 ደቂቃ መሄድ፣ ይህንኑ እስከ ቤት መደጋገም።

ከ8ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት፦ የሩጫውን ጊዜ ወደ 3፣ ወደ 5፣ ወደ 10 ደቂቃ ማሳደግ፤ በመካከሉ 1 ደቂቃ መሄድ።

ከዚያ በኋላ፦ ሙሉውን መንገድ በዝግታ መሮጥ፤ አቅም ከፈቀደ ሦስተኛ ቀን መጨመር። በሩጫ ቀናት መካከል ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን ይኑር።

ቤቱ ሩቅ የሆነ ሰው፣ ለምሳሌ ከፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው አዘዞ የሚመለስ፣ አብዛኛውን መንገድ በታክሲ ተጉዞ የመጨረሻውን 4 ኪሎ ሜትር ይሩጥ። ቁልቁለቱ እንዳያታልለው ግን ይነገረው። ከፒያሳ ወደ ቀሐ ሲወረድ ትንፋሽ ይቀላል፤ የጭኑ ጡንቻ ግን ክብደቱን እየገታ ስለሚወርድ የሚጎዳው ያኔ ነው። በማግስቱ የሚሰማው የጭን ሕመምና የጉልበት ሕመም በአብዛኛው የቁልቁለቱ እንጂ የዳገቱ ውጤት አይደለም። ጀማሪ ቁልቁለቱን ይሂድ፤ ሜዳውን ይሩጥ። ወንዙን ተሻግሮ ወደ ቍስቋም የሚወጣ ደግሞ ዳገቱን በእግር ቢሄድ ምንም አያጣም።

በመንገድ ላይ

የመንግሥት ሥራ ሰዓት 11:30 ላይ ያበቃል። በኅዳር ጀምበር የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ፣ በሰኔ ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ ነው። በበጋ ወራት ያለው ብርሃን ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥምና ከሥራ ሲወጡ ወዲያው መነሳት፣ ነጭ ወይም ደማቅ ልብስ መልበስ፣ ከሚመጣው መኪና ፊት ለፊት ባለው ጠርዝ መሮጥ ያስፈልጋል። በክረምት የረጠበ ኮብልስቶን ያንሸራትታል፤ ነጎድጓድ ሲኖር መጠለል ግድ ነው። ከሰልባጅ የተገዛ ጫማ ሶሉ ካላለቀና እግርን ካላጠበቀ በቂ ነው።

ውሻ ከነከሰ፣ ትንሽ ጭረትም ብትሆን፣ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሰውየውም ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ሴቶች በመንገድ ላይ የሚደርስባቸው ለከፋና ስጋት ከወንዶች ይበልጣልና ከሥራ ባልደረቦች ጋር በቡድን መሮጥ ይመከራል። የጸጥታው ሁኔታ ወይም የሰዓት እላፊ ገደብ በማይፈቅድበት ጊዜ ልምምዱ ይቅር፤ በግቢ ውስጥ ገመድ መዝለል ወይም ደረጃ መውጣት ይተካዋል።

በጾም ወራት ትእዛዙ ይሻሻላል እንጂ አይሰረዝም። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው በልቶና ጠጥቶ ሁለት ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ ቢሮጥ ችግር አይገጥመውም። እስከ ማታ የሚጾም ወይም በረመዳን ውኃ ጭምር የማይቀምስ ሰው ግን ሩጫውን በእግር ጉዞ ይለውጥ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በጾም ሰዓት አይሩጥ።

በመንገድ ላይ የደረት ጭነት፣ ራስ መሳት፣ ወይም ያልተለመደ ትንፋሽ ማጠር ከተሰማ ሩጫው በዚያው ይቁም፤ ታካሚው በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ይመርመር።

ማጠቃለያ

እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ በደምቢያ የደረሰው የወባ ወረርሽኝ ባደረሰው እልቂት ማግስት፣ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በቡድን ማሠልጠን ሲጀምር ዓላማው በሽታ ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት በሰው መኖሪያ መከላከል ነበር። የዛሬው ወረርሽኝ ዝምተኛ ነው፤ ትኩሳት የለውም፤ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ግማሽ አካል ሽባ ሲሆን ወይም ኩላሊት ሲደክም ነው። የመከላከያው መንገድ ግን ያው ነው፤ ባለሙያው የሰውየውን አኗኗር ማወቅ አለበት።

ስለዚህ «እንቅስቃሴ ያድርጉ» ከማለት በፊት ሦስት ነገሮች ይጠየቁ፦ ቤትዎ ከሥራዎ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል? በስንት ሰዓት ይወጣሉ? በየት በኩል ይመለሳሉ? መልሱ ከተገኘ በኋላ ልብ ይደመጥ፣ ግፊት ይለካ፤ ከዚያም በካርዱ ላይ ቀኑ፣ ርቀቱና አጀማመሩ ይጻፍ። በሚቀጥለው ቀጠሮም ስለ መድኃኒቱ እንደሚጠየቅ ሁሉ ስለ መንገዱ ይጠየቅ።